ለእግዚአብሔር ክብር ሲባል ያልተረጋገጠ ነገር ይነገራልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



በእሑድ ጉባኤያችን ከመዝሙሩ በኋላና ከስብከቱ በፊት «ይህን ያውቃሉን?» የምንላት አጭር ክፍለ ጊዜ እንዳለች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚህች ክፍለ ጊዜ ስለ ተፈጥሮ፣ ስለ ሰው አካልና ስለ ዕለት ተዕለት ኑሯችን አስደናቂ ነገሮች ይነገራሉ። ዓላማዋም ፍጥረትን አይተን ፈጣሪን እንድናመሰግን ነው። ባለፈው ዓመት ይህችን ክፍለ ጊዜ የማዘጋጀት ኃላፊነት ለእኔ ተሰጥቶኝ ነበር። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄም የመጣው ከዚያው አገልግሎት ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ የሰውን እምነት የሚያጠነክር መስሎ ከታየን፣ እውነት መሆኑን ያላረጋገጥነውን ነገር መናገር ተገቢ ነውን?

አንድ እሑድ ስለ ሰው የጎን አጥንት ተናገርሁ። እግዚአብሔር ሔዋንን ከአዳም ጎን ለመፍጠሩ ማስረጃው ዛሬም በአካላችን ላይ እንደሚገኝ፣ ይኸውም የወንድ የጎን አጥንት ከሴት በአንድ እንደሚያንስ በድፍረት አስረዳሁ። ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስለኖርሁ መጠርጠርም አልመጣብኝም። ጉባኤው በእልልታ ተቀበለኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀመጥሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ግን አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች እህታችን ከጉባኤው በኋላ ወደ እኔ መጣች። «መምህር፣ በትምህርት ቤታችን ያለውን የአጽም ሥዕል ቈጠርሁት፤ አስተማሪያችንንም ጠየቅኋቸው። ወንድም ሴትም ያላቸው 24 ነው» አለችኝ። እኔም «ሥዕሉ ተሳስቶ ይሆናል» ብዬ ላልፋት ሞከርሁ። እርስዋ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እሱ እንዲያ ካልሆነ፣ ሌላው ያስተማራችሁንስ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ልጅቱ የጠየቀችኝ ስለ አጥንት እንዳልነበረ ግን ገብቶኛል።

በዚያው ሳምንት ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ነገሩን መረመርሁ። ልጅቱ ትክክል ነበረች። ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ 12 ጥንድ፣ ማለትም 24 የጎን አጥንት አለው። አልፎ አልፎ ከዚህ የሚበልጥ ወይም የሚያንስ ሰው ቢገኝም በወንድነትና በሴትነት የሚለይ አይደለም። ይህንንም አንድሬያስ ቬሳልዩስ የተባለው ሐኪም በ1543 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው አካል አሠራር ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ጽፎታል። እንግዲህ ነገሩ ተጽፎ ከተቀመጠ ከ480 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን መጽሐፍ ቅዱስም እኔ ያልሁትን አለማለቱ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ከአዳም ጎን አንዲት አጥንት እንደ ተወሰደች ይነግረናል እንጂ ወንዶች ልጆቹ ሁሉ አንድ አጥንት ጎድሏቸው ይወለዳሉ አይልም። እጁን በአደጋ ያጣ አባት ሁለት እጅ ያላቸውን ልጆች ይወልድ የለምን? እንግዲያስ ቅዱስ መጽሐፍ ያልጠየቀውን ማስረጃ እኔ ፈጥሬ አቆምሁለት፤ ማስረጃው ሲወድቅ ደግሞ በልጅቱ ዓይን መጽሐፉን ይዞ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

ከዚህ በኋላ የዓመቱን ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ የተናገርሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ማጣራት ጀመርሁ። ሦስቱን ብቻ ልጥቀስላችሁ።

አንደኛው «ሰው የሚጠቀመው ከአንጐሉ 10 በመቶውን ብቻ ነው» የሚለው ነው። ይህ ስሕተት ነው። አንጐል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ዐርፈን በተቀመጥንበት ጊዜ እንኳ ሰውነታችን ከሚያወጣው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ዘጠኝ እጁ ሥራ የፈታ አካል ይህን ያህል ባልበላ ነበር። በአንጐል ላይ ትንሽ ጉዳት የደረሰበት ሰው ንግግሩን ወይም እንቅስቃሴውን ሊያጣ መቻሉም ሥራ የሌለው ትርፍ ክፍል እንደሌለ ያስረዳል።

ሁለተኛው «የአንድ ሰው የደም ሥር ቢቀጣጠል 100,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ምድርን ሁለት ጊዜ ተኩል ይዞራል» የሚለው ነው። የዚህ ነገር ታሪክ ትምህርት ሰጪ ነው። ቍጥሩ የመጣው በ1920 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካገኘው ከዴንማርካዊው ሊቅ ከአውጉስት ክሮግ ነው። እርሱ በ1922 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የአንድ ሰው ጡንቻ 50 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ጡንቻ ውስጥም 2,000 ቀጫጭን የደም ሥሮች ቢኖሩ ብሎ አሰላ። ነገር ግን ይህን ያህል ጡንቻ የብዙው ሰው አይደለም። በቅርብ ዓመታት ነገሩን እንደገና ያሰሉ ተመራማሪዎች የቀጫጭኖቹን ሥሮች ርዝመት ከ9,000 እስከ 19,000 ኪሎ ሜትር አድርሰውታል። ልብ በሉ፤ ክሮግ አልዋሸም፤ «ቢሆን» ብሎ ነው የተናገረው። ከእርሱ በኋላ የተቀባበልነው ሰዎች ቍጥሩን ይዘን «ቢሆን» የምትለዋን ቃል በመንገድ ጣልናት። የብዙ ሐሰት አወላለድ እንዲህ ነው፤ አንድም ሰው ሳይዋሽ እውነቱ ይጠፋል።

ሦስተኛው ስለ እስስት የተናገርሁት ነው። እስስት የምታርፍበትን ነገር ሁሉ መልክ እየተቀበለች ትለዋወጣለች ብዬ፣ ከግብዝ ሰው ጋር አነጻጽሬአት ነበር። በቋንቋችንም አቋም የሌለውን ሰው እስስት እንለዋለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እስስት መልክዋን የምትለውጠው በአብዛኛው ከመሰሎችዋ ጋር ለመነጋገር፣ ማለት ለጠላት ለመቈጣትና ለተጓዳኝ ለመታየት፣ እንዲሁም የሰውነትዋን ሙቀት ለማስተካከል ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማዳጋስካር የሚገኝ አንድ የእስስት ዓይነት መርምረው፣ መልኩ የሚለወጠው በቆዳው ውስጥ ያሉ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ መሆኑን አሳይተዋል። እንግዲህ እስስት የውስጥዋን በውጭ የምትገልጥ ፍጥረት ሆና ሳለ እኛ የግብዝነት ምሳሌ አደረግናት። ምስኪኗ ፍጥረት ክስ አታቀርብብንም፤ እኛ ግን በሐሰት መስክረንባታል።

ይህን ሁሉ አብሮኝ ለሚያገለግል አንድ ወንድም ባጫወትሁት ጊዜ፣ «ምን ጎዳ? ልጆቹ ፈጣሪያቸውን አመስግነውበት ሄደዋል። አሁን ተነሥተህ ተሳስቼ ነበር ብትል ትበጠብጣቸዋለህ። አባቶቻችንስ በእንስሳት ምሳሌ እያስተማሩን አልኖሩምን?» አለኝ።

አነጋገሩን በቀላሉ ልንቀው አልቻልሁም። አባቶቻችን በእርግጥ በእንስሳት አስተምረዋል። በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ በአራዊትና በአዕዋፍ ጠባይ እየመሰለ ሃይማኖትን የሚያስተምር ነው። ነገር ግን ምሳሌ ሌላ፣ ምስክርነት ሌላ ነው። ምሳሌ የሚነገረው ትርጓሜው እንዲያዝ ነው፤ ሰሚው አጥንት ቈጥሮ እንዲያረጋግጠው አይደለም። እኔ ግን «ማስረጃው ይህ ነው» ብዬ ነበር የተናገርሁት። ማስረጃ ብሎ ያቀረበ ሰው ማስረጃው ሲመረመርበት ሊቈጣ አይገባውም።

«ምን ጎዳ?» ለሚለው ሦስት መልስ አለኝ።

መጀመሪያ፣ የሚሰማንን ሰው ይጎዳል። በሐሰት ምሰሶ ላይ የተደገፈ ሰው ምሰሶው ሲነቀል አብሮ ይወድቃል። ያቺ እህታችን አንድ ቀን መቍጠርዋ አይቀርም ነበር፤ እኔን ባትጠይቀኝ ኖሮ «ሌላውስ?» የሚለውን ጥያቄ ለብቻዋ ተሸክማው ትሄድ ነበር። ዝም ብለው የሄዱ ስንቶች ይኖሩ ይሆን?

ሁለተኛ፣ ስለ እግዚአብሔር ያለንን አሳብ ያበላሻል። የሠራው ሥራ አልበቃ ብሎት የእኛን ጭማሪ የሚፈልግ ይመስል እናጋንንለታለን። በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 13 ኢዮብ ወዳጆቹን አጥብቆ የሚወቅሳቸው በዚሁ ነው፤ ለእግዚአብሔር የተሟገቱ መስሏቸው እውነት ያልሆነውን ይናገሩ ነበርና። በመጽሐፉ ፍጻሜም እግዚአብሔር የተቈጣው በተሟጋቾቹ ላይ እንጂ በኢዮብ ላይ አለመሆኑን እናነባለን።

ሦስተኛ፣ ተናጋሪውን ራሱን ይጎዳል። ደስ ስላለው ብቻ ያልመረመረውን የሚቀበልና የሚያስተላልፍ ሰው፣ ስለ ባልንጀራው ክፉ ወሬ በመጣ ጊዜም እንዲሁ ያደርጋል። ዛሬ በየስልካችን የሚደርሰንን ሁሉ ለሌላው የምናቀብል እኛ ወጣቶች ይህን ልንፈራው ይገባል። አንደበት አንዱን ልማድ ለፍጥረት፣ ሌላውን ልማድ ለሰው ለይቶ አያስቀምጥም።

ሆኖም ሳያውቁ መሳሳትና አውቆ መዋሸት አንድ እንዳልሆኑ አምናለሁ። በጉባኤው ፊት የተናገርሁት ስሕተት ነበር። ለልጅቱ «ሥዕሉ ተሳስቶ ይሆናል» ያልሁት ግን ከዚያ የከፋ ነው፤ ያን ጊዜ መጠርጠር ጀምሬ ነበርና። ለእግዚአብሔር ክብር ብዬ ሳይሆን ለራሴ ክብር ብዬ ነበር የተናገርሁት። ይህን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ መስክር ተባልህ እንጂ ጨምር አልተባልህም። በተናገርህበት ቦታ አርመው» አሉኝ።

በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ሰዓትና በዚያው ቦታ ቆሜ ስለ አጥንቱም፣ ስለ አንጐሉም፣ ስለ ደም ሥሩም፣ ስለ እስስትም የተናገርሁትን አረምሁ። እልልታ አልነበረም። ቀጥዬም ሁሉም ጣቱን በእጁ አንጓ ላይ አድርጎ የደም ትርታውን ለአንድ ደቂቃ እንዲቈጥር ጠየቅሁ። በደቂቃ 70 ቢሆን በሰዓት 4,200፣ በአንድ ቀንና ሌሊት ደግሞ 100,800 ይሆናል። «ቢሆን» የምትለዋን ቃል በዚህ ጊዜ አልጣልኋትም። የአንዱ 66፣ የሌላው 80 ሆነ፤ እያንዳንዱም የራሱን አሰላ። ተኝተን ሳናዝዘው ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ልብ በደረታችን ውስጥ እንዳለ ለማወቅ የማንም ማጋነን አላስፈለገንም። ስለ ደም ሥሩም ቢሆን፣ ትንሹ ግምት 9,000 ኪሎ ሜትር ከአዲስ አበባ ጎንደር ስድስት ጊዜ ደርሶ መልስ ያህላል። ይህ አንሶ ነውን ምድርን ያዞርነው?

በመጨረሻም ስለ ጅብ ነገርኋቸው። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ጊደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በትግራይ የሚኖሩ ጅቦች ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ወቅትና ከጾሙ በኋላ የበሉትን፣ በዓይነ ምድራቸው ውስጥ ከተገኘው የእንስሳት ፀጉር መርምረዋል። በጾሙ ወቅት ሕዝቡ ሥጋ ስለሚተው ከየሉካንዳውና ከየቤቱ የሚጣለው ትርፍ ይቀንሳል። ጅቡም ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል፤ በምግቡ ውስጥ የአህያ ድርሻ በዚያ ወቅት ከእጥፍ በላይ አድጎ ተገኝቷል። ከጾሙ በኋላም እንደገና ቀንሷል። እዚህ ላይ «እነሆ አራዊትም የጾማችንን ወራት ያከብራሉ» ብዬ ብጨምርበት እልልታው ይመለስ እንደ ነበር ዐውቃለሁ። ነገር ግን ጅቡ አልጾመም፤ አህያ በላ። እውነቱን ብቻ ስናይ ግን የሚያስገርምም የሚያሳስብም ነገር እናገኛለን፤ የእኛ ጾም ዱር ውስጥ እስካለ አውሬ ማዕድ ድረስ ይደርሳል፤ የድሀውም ገበሬ አህያ በዚያ ወቅት የበለጠ ጥበቃ ይሻል። ጾመን የተረፈንን ስናስብ ያን ገበሬም ማሰብ ይገባናል።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፤ አስደናቂ ነገር መስማትና መናገር አንተው። ነገር ግን ከመናገራችን በፊት ማን እንዳየው፣ እንዴት እንደ ታወቀ፣ በመንገድስ የተጣለ «ቢሆን» እንዳለበት እንጠይቅ። ማረጋገጥ ባንችል ዝም ማለት ነውር አይደለም። ከተሳሳትንም በተናገርንበት አደባባይ እንመለስ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፣ እውነት ጊዜ ቢወስድባትም መገለጥዋ አይቀርም፤ ያን ቀን የቤተ ክርስቲያን ልጆች ከእርስዋ ጋር ቆመው ቢገኙ መልካም ነው።

ያን ዕለት ጉባኤው ካለቀ በኋላ ያቺ እህታችን ደብተርዋን ይዛ መጣች። «መምህር፣ የጅቡን ነገር ያጠናው ማን ነበር? መቼ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስሙን፣ ዓመቱንና ቦታውን ነገርኋት። እርስዋም ቁጭ ብላ ጻፈችው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።