መኪና የሚገዛ ሰው የሚገዛው ምንድን ነው?

የሰውን ጠባይ ገልጠው ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ መሸጥና መግዛት ነው። አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ አፏን ከፍተው ጥርሷን ያዩ፣ እግሯን አንሥተው ሰኰናዋን ይመለከቱ፣ በመጨረሻም የሻጩን ፊት ይመረምሩ ነበር። በቅሎዪቱ ረጋጭ ወይም ደንባራ መሆኗን አስቀድሞ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነውና። ዛሬ በበቅሎ ፈንታ መኪና ተተክቷል፤ ጥያቄው ግን አልተለወጠም።

መኪና በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፣ የቤተ መንግሥት ድንቅ ነገር መሆኑ ቀርቶ የመምህሩም፣ የነጋዴውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም ምኞት ሆኗል። ነገር ግን ዐዲስ መኪና ለመግዛት ዐቅም ያለው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ብዙው ሰው የሚገዛው ሌላ ሰው ሲነዳው የኖረውን ነው። ስለዚህም ባለ መኪናዎች በተሰበሰቡበት ቦታ ሁሉ፣ ዐዲስ ይሻላል ወይስ አሮጌ የሚል ክርክር አይጠፋም።

ዐዲሱን የሚመርጡት ሰዎች፣ ሞተሩን ማንም አልፈታውም፣ ፋብሪካው ዋስትና ይሰጥበታል፣ ጧት ተነሥቶ ይነሣልኝ ይሆን ብሎ መጨነቅ የለም ይላሉ። አሮጌውን የሚያመሰግኑት ደግሞ፣ ዳገቱንና አቧራውን ችሎ የተፈተነ ነው፣ ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል፣ መለዋወጫውም መርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል ብለው ይመልሳሉ። በሌላው አገር ዐዲስ መኪና ከሱቅ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እየቀነሰ ይሄዳል፤ በእኛ አገር ግን ከቀረጡ ክብደትና ከውጭ ምንዛሪው እጥረት የተነሣ፣ ሰው ብዙ ዓመት ነድቶ ከገዛበት በሚበልጥ ብር ሲሸጥ አይተናል። እርግጥ ነው፣ ጎረቤት እንዲያይለት ብቻ ዐዲስ የሚገዛም አይጠፋም። የዚህ ሰው ነገር የከንቱ ውዳሴ ነገር ስለ ሆነ ለጊዜው እንተወው።

ሁለቱን ወገኖች ቀረብ ብለን ስንመረምራቸው የሚፈልጉት አንድ ነገር ሆኖ እናገኘዋለን፤ ይኸውም መተማመን ነው። ዐዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ያንን ሁሉ ገንዘብ የሚከፍለው፣ ከእርሱ በፊት ማንም ስላልነዳው የማንንም ቃል ማመን እንዳያስፈልገው ነው። አሮጌ የሚገዛው ግን ከብረቱ ጋራ የሻጩን ቃል አብሮ ይገዛል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ሻጭ ያልተጠየቀውን ጉድለት የመናገር ግዴታ አለበትን?

ብዙ ሰዎች የለበትም ይላሉ። «ገዢስ ዓይን የለውምን? መካኒክ ይዞ አይመጣምን?» ይላሉ። ይህ አነጋገር ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ እኛም አንድ ጊዜ አምነንበት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለብዙ ዘመን ያገለገለችንን መኪና ለመሸጥ አውጥተን ነበር። ረጅም ቍልቍለት ስትወርድ ፍሬኗ ሲግል ወደ ግራ እንደምትስብ እናውቃለን። ደላላው፣ «ካልጠየቀ አይነገርም» አለን። ገዢው ወጣት መምህር ነበር፤ ስለ ሞተሩ ጠየቀ፣ ስለ ካምቢዮው ጠየቀ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን አየ፤ ስለ ፍሬኑ ግን ሳይጠይቅ ቀረ። እኛም ዝም አልን። ውሉን ተፈራርመን ሊብሬውን ስናስረክበው፣ ባለቤቱ ሕፃን ታቅፋ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ያን ጊዜ እንኳ አፋችን አልተከፈተም። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ካጣን በኋላ በሦስተኛው ቀን ስልክ ደውለን እውነቱን ነገርነው፤ ማሠሪያውንም እኛ እንከፍላለን አልነው። እርሱም፣ «ጋሼ፣ ትናንት ከእንጦጦ ስወርድ ዐውቄዋለሁ፤ ደግነቱ ብቻዬን ነበርሁ» ሲል መለሰልን። ይህ የትሕትና ቃል ከስድብ ይልቅ ከበደን።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ይሁን እንጂ ሕግ የሚደርሰው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ማስረጃም ይፈልጋል። ፍሬን ግን ዳኛ እስኪሰየም አይጠብቅም። ስለዚህ ሕጉ የማይደርስበትን ቦታ መጠበቅ ያለበት ሕሊና ነው።

ደግሞም የሻጭ ዝምታ የሚጐዳው ገዢውን ብቻ አይደለም። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኤኮኖሚ ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የአሮጌ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ ይህንኑ አስረድቷል። ገዢ ደኅናውን ከብልሹው ለመለየት ካልቻለ፣ እንዳልታለል ብሎ ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ደኅና መኪና ያለው ሰው በዚህ ዋጋ መሸጡ ስለሚጐዳው ከገበያው ይወጣል፤ ብልሹ ያለው ግን ይቀራል። እንዲህ ሆኖ የኪሎሜትሩን ቍጥር ወደ ኋላ የሚመልስ፣ ዝገቱን በስቱኮና በቀለም የሚሸፍን ሰው፣ በማያውቀው ሐቀኛ ሰው ኪስ ውስጥ እጁን ያገባል ማለት ነው። ሊቁ ለዚህ ዐይነቱ ምርምር በ2001 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋራ የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

አንዳንዶች ነገሩ ከዘመኑ ጋራ ያልፋል ብለው ያስቡ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ያረጁ መኪናዎች ወደ አገር ሲገቡ የሚከፈልባቸውን ግብር አክብዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከልክሎ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በየመንገዱ መታየት ጀምረዋል። ነገር ግን የዛሬው ዐዲስ የነገ አሮጌ ነው። የኤሌክትሪኩ መኪና ባትሪ ከዓመት ወደ ዓመት ኀይሉ ይቀንሳል፤ ድካሙም እንደ ሞተር ድምፅ በጆሮ አይሰማም። እነዚህም መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፉበት ጊዜ፣ ባትሪው ስንት ኪሎሜትር ያደርስ እንደ ነበርና አሁን ስንት እንደሚያደርስ አሳምሮ የሚያውቀው ሻጩ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የመኪና እውነት ግን እያደር እስኪጠራ መቈየት የለበትም፤ ቍልቍለቱ ሊቀድመው ይችላልና። ስለዚህ መኪናችንን የምንሸጥ ሁሉ፣ ገዢው ሳይጠይቀን ጉድለቱን ብንነግረው ከዋጋው ጥቂት ይጐድልብን ይሆናል፤ ነገር ግን በማግሥቱ ስልካችን ሲጮኽ ሳንደነግጥ እናነሣለን።