ስለትና ሪሌ

በቤንዚን ኢንጀክሽን የሚሠራ አሮጌ መኪና ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ድንገት ጸጥ ብሎ ይቆማል። ባለቤቱ ለቅዱስ ሚካኤል ይሳላል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መኪናው ይነሣል። ምን አስነሣው? “ከዚያ በኋላ ሆነ” ከማለት “በዚያ ምክንያት ሆነ” ወደ ማለት ለመሻገር ምን ማስረጃ ይበቃል የሚለው የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ እዚህ ኮፈን ሥር ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1967 በቮልስዋገን 1600 ላይ የወጣው የቦሽ ዲ-ጄትሮኒክ የቤንዚን ኢንጀክሽን ሥርዓት ቁልፉ ሲከፈት የቤንዚን ፓምፑን ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ብቻ ያሠራና ያቆመዋል፤ መልሶ የሚለቀው ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያዞር ነው። መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቢጠፋ ቤንዚን መርጨቱን እንዳይቀጥል የታሰበ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የምርመራ መሣሪያ ጆሮ ነው፦ አንዱ ቁልፉን ሲከፍት ሌላው ፓምፑ አጠገብ አጎንብሶ “ዝዝዝ” የምትለዋን አጭር ድምፅ ይጠብቃል።

ዝም ካለ ፊውዙ ይታያል፤ ቀጥሎ የሙከራ መብራት በፓምፑ ፖዘቲቭ ሽቦና በመኪናው አካል መካከል ተይዞ ሞተሪኖው ይዞራል። ከበራ ጥፋቱ የፓምፑ ወይም የነጌቲቭ ሽቦው ነው፤ ካልበራ ፍለጋው የፓምፑን ኃይል ወደሚከፍተውና ወደሚዘጋው ማብሪያ፣ ወደ ሪሌው፣ ይመለሳል። ቮልት መለኪያ እዚህ ላይ ያታልላል። የዛገ ሽቦ ምንም ሳይጫንበት 12 ቮልት ያሳያል፤ ፓምፑ ኃይል ሲጠይቀው ግን ይከዳል። መብራቱ ትንሽም ቢሆን ስለሚጭንበት የተሻለ ምስክር ነው።

ያረጀ ሪሌ ውስጡ ያለው ብየዳ ይሰነጠቃል፤ ሲግል ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ኮፈኑ ተከፍቶ የመንዝ ንፋስ ግማሽ ሰዓት ከመታው ማንም ሳይነካው ይታረቃል። ስለቱም ብርዱም ያንኑ ግማሽ ሰዓት ይጋራሉ፤ ሁለቱን መለየት የሚቻለው አንዱን ብቻ በመለወጥ ነው። መኪናው ዳግም ሲቆም፣ ሳይቀዘቅዝ፣ የሪሌው 30 እና 87 ቁጥር እግሮች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ፊውዝ ባለው አጭር ሽቦ ይያያዛሉ። ፓምፑ ወዲያው ከጮኸ ጥፋቱ የሪሌው ወይም እሱን የሚያዘው መስመር ነው።

ይህ ምርመራ ስለቱን ይሽራል? በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ላይ ለታመመ ሰው ጸሎትንም ሐኪምንም በአንድነት ያዛል፤ ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። መካኒክን ከዚህ የሚያስወጣ ምክንያት የለም። ሪሌው ፓምፑ እንዴት እንደቆመ ይናገራል፤ ባለቤቱ ለምን መንገድ ላይ ከመቅረት እንደተረፈ አይናገርም። ስለቱን አድርሶ ሪሌውን ሳይቀይር የሚነዳ ሰው ግን እምነቱን አላሳየም፤ መመርመሩን ነው የተወው። አደጋውም ቀላል አይደለም፦ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ ሞተሩ ከጠፋ፣ የፍሬኑ ማገዣም ከጥቂት መርገጥ በኋላ አብሮ ያልቃል።