የመከራ ምስክርና ወዳጁ

ወዳጅነት በግብዣና በጨዋታ ቀን ብቻ የሚታወቅ አለመሆኑን አባቶቻችን አስቀድመው ነግረውናል። ወዳጅ የሚፈተነው በመከራ ጊዜ ነው ሲባልም፥ ሁላችንም የምናስበው በራሳችን ወይም በወዳጃችን ላይ ስለሚደርሰው መከራ ነው። ነገር ግን የሌሎችን መከራ ማየትን ሥራው ያደረገ ሰው አለ። እርሱም ረኃብ፥ ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰበት ስፍራ ካሜራውን ይዞ የሚገኘው ፎቶግራፍ አንሺ ጋዜጠኛ ነው። ሌላው ሰው ከአደጋው ሲሸሽ እርሱ ወደ አደጋው ይሄዳል። ታዲያ የዚህ ሰው ወዳጅ የሆነ ምን ዕዳ አለበት?

ይህን ከመመለሳችን በፊት፥ በሙያው ላይ ዘወትር የሚቀርበውን ክስ መመርመር ይገባል። ክሱም «ሰው እየሞተ ፎቶግራፍ ከሚያነሣ ለምን እጁን አይዘረጋም?» የሚል ነው። በኅዳር ወር 1978 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ኔቫዶ ዴል ሩይዝ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተራራውን በረዶ ባቀለጠ ጊዜ፥ የወረደው የጭቃ ጎርፍ አርሜሮ የምትባለውን ከተማ ቀብሮ ከ20,000 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። ፈረንሳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፍራንክ ፎርኒዬ በዚያ ስፍራ፥ እግሮቿ በፍርስራሽ ተይዘው እስከ አንገቷ ውሃ ውስጥ የቀረች የ13 ዓመት ልጃገረድ አገኘ። በዙሪያዋ የነበሩት ሰዎች ሊያወጧት ቢደክሙም፥ የሚያስፈልገው መሣሪያ ስላልተገኘ ከብዙ ጭንቅ በኋላ ሞተች። ሥዕሉ በዓለም ሁሉ ሲታይ ብዙዎች አንሺውን ወቀሱት፤ ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው ድርጅት ደግሞ የዓመቱ ምርጥ ብሎ ሸለመው።

እንግዲህ ነገሩን በሚዛን እንየው። በዚያ ስፍራ የጎደለው የአንድ ሰው እጅ አልነበረም፤ እጅማ በዙሪያዋ ነበር። የጎደለው መሣሪያና ፈጥኖ የሚደርስ ርዳታ ነው፤ ይህንንም ጉድለት ለዓለም የገለጠው ያው የተወቀሰው ሥዕል ነው። ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ቢሆን የሚቀና ይመስለኛል፦ እጁ ሊያድን የሚችል ሆኖ ሌላ እጅ በሌለበት ስፍራ ካሜራውን መሬት ላይ ያኑር፤ እጁ ምንም ሊያደርግ በማይችልበት ስፍራ ግን ዐይኑን አይጨፍን።

ይህን ስል የሚያይ ዐይንን ከሚረዳ እጅ ጋር ማስተካከሌ አይደለም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንዶ ቤቶችን በቀበረ ጊዜ፥ ጎረቤቶች የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጡ፤ በመቆፈር ላይ ሳሉም ሁለተኛው ናዳ እነርሱን ደግሞ ቀበራቸው። ከ200 ከሚበልጡት ሟቾች ብዙዎቹ ለርዳታ የሮጡት ነበሩ። የክብር መጀመሪያ የእነዚህ ነው፤ ከእነርሱ በኋላ የሚደርሰው ፎቶግራፍ አንሺ ክብሩ ሁለተኛ ነው። ሆኖም ሁለተኛ ማለት ከንቱ ማለት አይደለም፤ ሕዝቡ ጭቃውን በእጁና በዶማው ሲቆፍር ሩቅ ያለው ሰው ያየው በእርሱ ዐይን ነውና።

ያልታየ መከራ ምን እንደሚያስከትል እኛ ኢትዮጵያውያን በሚገባ እናውቃለን። የወሎ ረኃብ በ1965 ዓ.ም. ሕዝብ ሲፈጅ ተሸፍኖ ቆይቶ፥ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ሲታይ ዓለም በሰፊው ዐወቀው። ያው ፊልም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዋዜማ፥ ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕሎች ጋር ተቀላቅሎ በአገራችን ቴሌቪዥን ታየ። ሥዕል የተራበን ሊያስበላ እንደሚችል ሁሉ፥ የሥልጣን መሣሪያም ሊሆን ይችላል። ደግሞም በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው ፊልም ከማይክል ቡርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ሲታይ፥ የብዙ አገር ሕዝብ ለርዳታ ተነሣ። ነገር ግን የአገራችን ስም በብዙ ባዕዳን አእምሮ ከረኃብ ጋር ተጣብቆ ቀረ። የተረፈው ነፍስ እውነት ነው፤ የቀረው ቁስልም እውነት ነው።

የወዳጅ ዕዳ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ወዳጁን የሚያመሰግን ብቻ ከሆነ፥ ሽልማትን ከሰው ፊት አስበልጦ እንዲያይ ያለማምደዋል፤ የሚወቅስ ብቻ ከሆነ ደግሞ፥ ካየው ነገር ጋር ብቻውን ይተወዋል። እውነተኛ ወዳጅ ግን በፍቅር ይጠይቀዋል፦ «ያነሣኸውን ሰው ስሙን ጠይቀሃልን? ሥዕሉንስ ለእናቱ ሳታፍር ልታሳያት ትችላለህን?»

ከጠየቀ በኋላም መስማት አለበት። በዚህ ሙያ የተሰማራ አንድ ወዳጅ አለኝ። ከአደጋ ስፍራ በተመለሰ ቁጥር ስለ መንገዱ ጭቃና ስለ መኪናው ብልሽት ብዙ ያወራል፤ ስላየው ነገር ግን ዝም ይላል። ዝምታውን ልበ ደንዳናነት ነው የሚሉ አሉ። አንድ ማታ ግን፥ ጎርፍ ቤታቸውን ስላፈረሰባቸው አንዲት አሮጊት አነሣ። ፎቶግራፍ ካነሣቸው በኋላ፥ ከውሃው ባመለጠች ጀበና ቡና አፍልተው እንደ እንግዳ አስተናገዱት። «እኔ መልካቸውን ወስጄ ሄድኩ፤ እርሳቸው ግን ቡና ሰጡኝ። ይህን በምን ልክፈለው?» አለኝ። ሥዕሉን ለጋዜጣው አስረክቧል፤ ያየውን የሚያስረክብበት ስፍራ ግን አልነበረውም። መልስ አልሰጠሁትም፤ እስኪመሽ ድረስ አብሬው ተቀመጥሁ።

መሐመድ አሚን በ1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፈነዳው የጥይት ግምጃ ቤት ግራ እጁን ካጣ በኋላም ወደ ሥራው ተመልሷል። የሕይወቱን ታሪክ የጻፈለት ባልደረባው ብራያን ቴትሌይ፥ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ በኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ አብሮት ሞተ። ከእኛ ግን የሚጠየቀው እስከዚህ የሚደርስ አይደለም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሥዕሉን በጋዜጣ ያየን ሁላችን የዚያ ሸክም ተካፋዮች ነን፤ የተቸገረውን በመርዳት ድርሻችንን እንወጣለን። ወዳጅ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ድርሻ አለበት፤ ይኸውም ለሁላችን ሲል ያየውን ሰው፥ እርሱን ራሱን ማየት ነው።