ጥቁር ናት፣ ግን…

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



አራስ ልንጠይቅ ሄደን፣ ገንፎው ቀርቦ ሳለ፣ አንዷ ጠያቂ ሕፃኗን ገለጥ አድርጋ «ጠቆር ብላለች፣ ግን ታምራለች» ስትል ያልሰማን ጥቂቶች ነን። ክፉ አስባ አይደለም፤ እንዲያውም ማመስገኗ ነው። ይሁን እንጂ ያች «ግን» ከልጅቱ ጋር አብራ ታድጋለች። ትምህርት ቤት ትከተላታለች፤ ለሠርግ ሚዜ ሲመረጥ ትከተላታለች፤ ውላ አድራም ከመዋቢያ ሱቅ ታደርሳታለች።

እዚያ የሚሸጠውን ደግሞ እንወቀው። ቆዳ ያቀላሉ ከሚባሉት ቅባቶች በአንዳንዶቹ ሜርኩሪ፣ በአንዳንዶቹ ሃይድሮኪኖን፣ በሌሎቹም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊቀቡት የማይገባ ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒት ይገኛል። ሜርኩሪ ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን እንዳይሠራ ይገታል፤ ዳሩ ግን በቆዳ ዘልቆ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፣ ከነፍሰ ጡር እናትም ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል። ሃይድሮኪኖንም ለብዙ ጊዜ ሲቀቡት የሸሹትን ጥቁረት አብሶ ሊመልሰው ይችላል። ስለ ሜርኩሪ የሚናማታ ስምምነት የተባለው እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈረመ፤ በ2023ም አባል አገሮቹ ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች በሙሉ እስከ 2025 ድረስ እንዲቀሩ ወሰኑ። መልካም ውሳኔ ነው። ነገር ግን ፊትን በአንድ ንክኪ የሚያቀላውና የሚያለሰልሰው የስልካችን ካሜራ በየትኛውም ውል አልተከለከለም፤ የአራስ ቤቷ «ግን» እንደዚሁ።

በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 1 ሙሽራይቱ ስለ ጥቁረቷና ስለ ውበቷ በአንድ ትንፋሽ ትናገራለች። ሁለቱን ቃላት የምታያይዘው የዕብራይስጥ ፊደል «እና»ም «ግን»ም ተብላ ልትተረጎም ትችላለች፤ የሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ግን «እና» ብሎ አስቀምጧታል። ጥልቁን ትርጓሜ ለመምህራኖቻችን እንተወውና፣ እኛ ይህችን አንዲት ቃል ብቻ ይዘን እንሂድ። ጥቁረቷም ውበቷም የራሷ ናቸው፤ አንዱ የሌላው ይቅርታ መጠየቂያ አይደለም።

ልያንም እናስታውሳት። ታናሿ ራሔል መልከ መልካም ነበረች፤ የልያ ግን ዓይኖቿ የደከሙ እንደ ነበሩ ዘፍጥረት ምዕራፍ 29 ይነግረናል። ሮቤልን ስትወልድ «አሁን ባሌ ይወደኛል» የሚል ተስፋ ነበራት። በስምዖንና በሌዊ ስምም ያው ሕመም ይሰማል። አራተኛውን ስትወልድ የባሏን ነገር ሳታነሣ እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ ይሁዳም አለችው። ጌታችን በሥጋ የተወለደው ከዚህ ነገድ ነው። ነገር ግን ምዕራፍ 30ን ገልጠን ብናነብ የእኅትማማቾቹ ፉክክር እንደገና ተነሥቶ እናገኘዋለን፤ የልያ ቁስል በአንድ ቀን ምስጋና አልደረቀም፤ ቅዱስ መጽሐፍም ይህን አልሸሸገንም። ስለዚህ በመስተዋት ፊት የምታለቅሰውን እህታችንን «እምነት ጎድሎሽ ነው» እያልን የምንገሥጽ ከሆነ ልያን አላነበብናትም ማለት ነው።

ነገሩ የእህቶች ብቻም አይደለም። «አጭሬ»፣ «ሲባጎ» እየተባሉ በሳቅ የሚያልፉት ወንድሞቻችን ማታ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚስቁ አይመስለንም። ደግሞም ዐቢይ ጾም ሲገባ «በዚህ 55 ቀን ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ?» የሚል ወሬ እየተለመደ መጥቷል። ምሳ ትቶ ራሱን እስኪስት የሚደርስ ወዳጅ ካለን «በረታህ» ብለን ከማድነቃችን በፊት ለማን እንደሚጾም በፍቅር እንጠይቀው፤ ለንስሐ አባቱና ለሐኪምም እንዲናገር እናግዘው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ጥር 10 ቀን ታቦታቱን አጅበን ስንወጣ ካሜራ የያዘ ሰው አይጠፋም። ሰልፍ ሲደረደርም «መልከ መልካሞቹ ከፊት ይሁኑ» የሚል ድምፅ ከአንድ ጥግ መሰማቱ አይቀርም። ለሚመጣው ጥምቀት መዝሙሩን በቃሉ ያጠና፣ ዜማውንም የማይስት ከፊት ይሰለፍ፤ የኋለኛው እርሱን ሰምቶ ይከተል ዘንድ። ከበሮውም ምቱን ለሚያውቅ ይሰጥ። የመዝሙር ክፍሉ ጥናት ሳይጀመር በፊት እንዲነጋገርበት ይህን አሳብ አቅርበናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።