በኢፍጣር ማዕዳችን ላይ የማን ላብ አለ?

ባለፈው ረመዷን አንድ ቀን የዐስር ሶላት ሰግጄ አንዋር መስጊድ አካባቢ ተምር ልገዛ ቆምኩ። ሻጩ ሁለት ዓይነት አቀረበልኝ፤ አንዱ በካርቶን የታሸገ የመዲና ተምር፣ ሌላው በጆንያ ያለ የአፋር ተምር። «ያኛው እንኳ የአገር ነው» አለኝ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። እኔም ሁለቱን ሳላስተያይ የመዲናውን በእጥፍ ዋጋ ገዛሁ። መንገድ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤ እጥፍ ያስከፈለኝ የሡንና ፍቅር ነው ወይስ በአገር ምርት ማፈር?

ሡንናው ግልጽ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእሸት ተምር ያፈጥሩ ነበር፤ እሸቱ ከሌለ በደረቁ፣ እሱም ከጠፋ በውሃ። ተምሩ የየት አገር ይሁን የሚል መስፈርት ግን የለም። እንዲያውም የእርሳቸው ምግብ፣ ተምሩም የገብስ ዳቦውም፣ በአብዛኛው በዙሪያቸው የሚበቅል ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ከውጭ የመጣ ምግብ ሐራም ነው ማለቴ አይደለም። ንግድ ሐላል ነው፤ የቁረይሾች የክረምትና የበጋ ጉዞም በቁርኣን ተወስቷል። ኪሱ የሳሳ ወገን ከኑግ ዘይት ይልቅ ርካሹን የፓልም ዘይት ቢገዛ ልወቅሰው አልችልም፤ ምንም እንኳ ከፓልም ዘይት ስብ ግማሽ ያህሉ የሚረጋውና ለልብ የማይበጀው ዓይነት ቢሆንም። ጥያቄዬ መምረጥ ለምንችለው ነው።

ከጤናው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የዘካው ጉዳይ ነው። በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ እህል 5 ወስቅ፣ ማለትም 650 ኪሎ ግራም ገደማ ሲደርስ፣ በዝናብ የበቀለ ከሆነ 10 በመቶ፣ በመስኖ ድካም ከሆነ 5 በመቶ ዘካ ይወጣበታል። ይህም በቅድሚያ ለዚያው አካባቢ ድሃ የሚሰጥ ነው። እንግዲህ የአርሲው ገበሬ ለገብሱ ገዢ አጥቶ ማሳውን ቢያሳንስ የሚጎድለው የእርሱ ገቢ ብቻ አይደለም፤ የድሃ ጎረቤቱ ድርሻም አብሮ ይጎድላል። እኛ ደግሞ ከተማ ተቀምጠን ለሾርባችን የታሸገ የውጭ አጃ እየገዛን፣ ለገጠሩ ድሃ ሶደቃ እናሰባስባለን!

«የአገሩ ምርት ጥራት ይጎድለዋል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። አንዳንዱ እውነት ነው። ነገር ግን ገዢ ያጣ ገበሬ በምን አቅሙ ጥራቱን ያሻሽላል? በማግስቱ ተመልሼ ከጆንያው አንድ ኪሎ ገዛሁ። ጥቂት አሸዋ ነበረበት፤ አጥበን አፈጠርንበት።