ከሳህኑ ግርጌ የቀረው ሰማያዊ

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበር። ልጅነቴን ያሳለፍኩት ቀለም ስበጠብጥለትና ሸራ ስወጥርለት ነው። የጣሊያናዊውን የፒዬትሮ ፔሩጂኖን ወግ ሳነብ ሰው የሚስቅበት ቦታ ላይ ቆም የምለው ለዚህ ይመስለኛል። ወጉ ያስቃል፤ እኔም ስቄበታለሁ። ከሳቁ ሥር ያለው ጥያቄ ግን ዓመታት አልለቀቀኝም።

የነገረን ጆርጆ ቫሳሪ ነው፤ የሰዓሊዎችን የሕይወት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1550 አሳትሞ በ1568 አስፋፍቶ ያወጣው። እሱ እንደሚለው ፔሩጂኖ ድህነት ያሳደገው ሰው ነው። እንጀራ ፍለጋ ፍሎረንስ ሲገባ አልጋ አጥቶ ለብዙ ወራት ሣጥን ውስጥ ተኝቷል፤ ሌሊቱን ቀን አድርጎ ሠርቷል። ተሳካለትም። በ1481 እና 1482 በሮም ሲስቲን ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ክርስቶስ ለጴጥሮስ ቁልፍ ሲሰጥ የሣለው እሱ ነው። ታላቁ ራፋኤልም ከእሱ እጅ ተምሯል።

ወጉ የሆነው ከፍሎረንስ ቅጥር ውጭ፣ ጄሱዋቲ በሚባሉ መነኮሳት ገዳም ነው። እነዚህ መነኮሳት ቀለም በመሥራት የታወቁ ነበሩ፤ በተለይ አበምኔቱ ሰማያዊ በማውጣት የተካኑ። ሰማያዊው እንደ ሌላው ቀለም አልነበረም። ድንጋዩ ላፒስ ላዙሊ ከአፍጋኒስታን፣ ከባዳክሻን ተራሮች ተቆፍሮ በረሃና ባሕር አቋርጦ ይመጣል፤ ኡልትራማሪን የሚለው ስሙም ከባሕር ማዶ ማለት ነው። ተፈጭቶ፣ ከሰምና ከሙጫ ጋር ተለውሶ፣ በአመድ ውሃ ውስጥ ሲታሽ ሰማያዊው ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ከመወደዱ የተነሣ ለእመቤታችን መጎናጸፊያ የሚውለው የጥራት ደረጃ በውል ላይ የሚሰፍርበት ጊዜ ነበር።

አበምኔቱ ታዲያ ቀለሙን በከረጢት ይዘው ፔሩጂኖ አጠገብ ይቆማሉ፤ ሲጠይቃቸው ብቻ ቆንጥረው ይሰጡታል። ሰዓሊው ይህን አየ። አንድ ሁለቴ ግድግዳውን በነካ ቁጥር ብሩሹን ውሃ ውስጥ ያጥባል። ከረጢቱ ጎደለ፤ ሥዕሉ ግን እምብዛም አልተራመደም። አበምኔቱ ይህ ኖራ ስንት ሰማያዊ ይውጣል ብለው ተደነቁ፤ እሱም እንደሚያዩት ነው ብሎ ዝም አለ። እሳቸው ሲሄዱ ውሃውን አንቆርቁሮ ከሳህኑ ግርጌ የዘቀጠውን ሰበሰበ። ቀኑ ሲደርስ ሁሉንም መልሶ ሰጣቸውና፣ የሚያምነውን ሰው ማታለል እንደማይሆንለት፣ የሚጠረጥረውን ግን ቢፈልግ ማታለል እንደማይቸግረው ነገራቸው።

ይኸው ቫሳሪ በዚያው መጽሐፍ ፔሩጂኖን ሃይማኖት የሌለው፣ የነፍስን አለመሞት ማንም ሊያሳምነው ያልቻለ፣ ተስፋውን ሁሉ በገንዘብ ላይ የጣለ ሰው ይለዋል። ይህን ስንሰማ ተናጋሪው የማን ወገን እንደሆነ እናስታውስ። ቫሳሪ ከሁሉ በላይ የሚያደንቀው ሚኬላንጄሎን ነው፤ ሚኬላንጄሎና ፔሩጂኖ ደግሞ በስድብ ምክንያት ዳኛ ፊት ደርሰዋል። የቫሳሪ ክስ እውነት ነው እንበል ብዬ ግን አስባለሁ። የማያምን ሰው የሣላት እመቤታችን ፊት ምእመን ተንበርክኮ ሲያለቅስ ያ ዕንባ ምን ይሆናል? አባቴ ሥዕል ከመጀመሩ በፊት ይጾም፣ ይጸልይ ነበር፤ ያለዚያ እጁ አይታዘዝለትም። ስለዚህ ጥያቄው የሩቅ ሀገር ጥያቄ ሆኖ አያውቅም።

በፍሎረንስ፣ ቦርጎ ፒንቲ በሚባለው ጎዳና ባለ ገዳም፣ በ1490ዎቹ የሣለው ስቅለት አለ። ሦስት ቅስት፣ ከኋላቸው ጸጥ ያለ ሸለቆና ኮረብታ። ወታደር የለም፣ ግርግር የለም፤ መግደላዊት ማርያም ከመስቀሉ ሥር ተንበርክካለች። እዚያ ቆሜ ይህ ጸጥታ ረሃብን ከሚፈራ ሰው የወጣ ነው አልኩ፣ እግዚአብሔርን ከካደ ሰው የወጣ ግን አልመሰለኝም። ሣጥን ውስጥ የተኛ ሰው ገንዘብ ቢያጠራቅም ካደ አይባልም፤ ብርዱን አልረሳውም።

ቋንቋችን ለማመን አንድ ቃል ብቻ ነው የሰጠን። በእግዚአብሔር አመነ እንላለን፤ ጎረቤቱን አመነም እንላለን። አማኝና ታማኝ የአንድ ግስ ልጆች ናቸው። አበምኔቱ ያላዩትን አምላክ አምነው መንነዋል፤ ፊታቸው የቆመውን፣ ትንፋሹን የሚሰሙትን ሰው ግን ማመን አቃታቸው። ነፍስ አትተርፍም ይላል የተባለው ሰው ደግሞ ማንም ሳያየው የተጠራቀመውን፣ ውድ የሆነውን ሰማያዊ ይዞ መጣ። ምናልባት የመጨረሻውን ቃል እሱ ሊናገር ፈልጎ ይሆናል። ቢሆንም መልሷል። የጄሱዋቲዎቹ ገዳም በ1529 ፍሎረንስ ልትከበብ ስትል ፈረሰ፤ ሰማያዊው ከግድግዳው ጋር ጠፋ፤ ለእኛ የደረሰን የመመለሱ ወሬ ነው።

አበምኔቱን ግን እንዳልፈርድባቸው አባቴ ከልክሎኛል። አሥራ አራት ዓመቴ ሳለ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ደብር የኪዳነ ምሕረትን ሥዕል ሲሠራ፣ የንብረት ኃላፊው ማታ ማታ እየመጣ የወርቅ ቅቡን ጣሳ እያዘነበለ ይለካ ነበር። እኔ በንዴት ስቃጠል አባቴ፣ «ተው ልጄ፣ ሰውዬው አደራ ነው የሚጠብቀው» አለኝ። አደራ የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ ስመዝነው እኖራለሁ። አበምኔቱም የያዙት የማኅበሩን አደራ ነበር። አደራ ጠባቂ ካልጠረጠረ እንዴት ይጠብቃል? ከጠረጠረስ እንዴት ያምናል? ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

አባቴ ግን ሌላም ነገር ያደርግ ነበር። ብሩሹን ያጠበበትን ብርጭቆ አይደፋም። ሌሊቱን አስቀምጦት ያድራል፤ ጠዋት ላዩን አንቆርቁሮ ከሥሩ የረጋውን ወርቅ ያደርቃል፣ በወረቀት ይጠቀልላል። የአክሊለ ብርሃኑ ሥራ ባለቀ ዕለት ያችን ጥቅልል ያለ አንዳች ንግግር ለኃላፊው ሰጠው። ሰውዬው ከፍቶ አየና መዝገቡን ገለጠ። ጣቱን በመስመሮቹ ላይ ከላይ እስከ ታች አወረደ፤ የሚያሰፍርበት ረድፍ አልነበረም።