በክረምት ፈረስን ማስገባት ወይስ ማሰማራት? ስለ ርኅራኄና ስለ ማወቅ

ክረምት በገባ ቁጥር ፈረስ ያለውን ሰው ሁሉ በየማለዳው አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ማካፋት ሲጀምር ፈረሱን በጋጣው ውስጥ አስሮ ያውለው ወይስ ወደ መስክ ያሰማራው? ጉዳዩ ለብዙዎች የከብት አያያዝ ብቻ መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ነገር ግን መናገር በማይችል ፍጡር ላይ የምንወስነው ውሳኔ ሁሉ፣ ትንሽም ቢሆን፣ የወሳኙን ልብ ይፈትናል። በአገራችን ሁለት ሚሊዮን ያህል ፈረሶች እንዳሉ ሲታሰብ ደግሞ ይህ ፈተና በየክረምቱ በስንት ደጃፍ እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም።

ዝናብ ሲመጣ ሰው ነገሩን የሚመዝነው አስቀድሞ በራሱ ቆዳ ነው። እኛ ስንረጥብ ይበርደናል፤ ከጣሪያ ሥር፣ ከእሳት ዳር ስንቀመጥ ይደላናል። ስለሆነም በፈረሳችን ላይ ዝናብ ሲወርድ ስናይ «ምስኪን!» ብለን ወደ ቤት እንጎትተዋለን። ስሜቱ መልካም ነው፤ ሆኖም ፈረስ የተፈጠረው በሌላ ሥርዓት ነው። ጤናማና ያልከሳ ፈረስ፣ ጠጕሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ፣ ብርዱ ወደ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢወርድ እንኳ ሙቀቱን ለመጠበቅ ብዙ አይቸገርም። የበላው ሣርና ድርቆሽ በኋለኛው የአንጀቱ ክፍል ሲብላላ ከውስጥ የሚያሞቀው ምድጃ ይሆንለታል። ካፊያም በጠጕሩ ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል እንጂ ወዲያውኑ ከቆዳው አይደርስም። ወጀብ ሲነሣ ደግሞ ፈረሱ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ጭራውን ወደ እግሮቹ ሰብስቦ ይቆማል። ከሐረር በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በቁንዱዶ ተራራ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ያለ ጋጣና ያለ ጠባቂ ለረጅም ዘመን መኖራቸው የታወቀ ነው።

በአንጻሩ የተዘጋ ጋጣ ለሰው ዓይን የሚያስደስተውን ያህል ለፈረስ ምቹ ላይሆን ይችላል። ፈረስ በተፈጥሮው ከ24ቱ ሰዓት ከ12 የሚበልጠውን እየተንቀሳቀሰ በመጋጥ የሚያሳልፍ እንስሳ ነው። ጨጓራው ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ አሲድ የሚያመነጨውም ምግብ ቢኖር ባይኖር ያለማቋረጥ ነው። ስለዚህ በባዶ ግርግም ፊት ለብዙ ሰዓት የታሰረ ፈረስ ጨጓራው ሊቆስል ይችላል። ከመስክ በድንገት ተወስዶ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውለውም ለቁርጠት ይጋለጣል፤ ቁርጠት ደግሞ ፈረስን በአንድ ሌሊት ሊገድል የሚችል ሕመም ነው። በፋንድያና በሽንት ከራሰ ወለል የሚነሣው አሞኒያ፣ ከሻገተ ድርቆሽ የሚነሣውም ብናኝ ሳንባውን ይጎዳል። በጉራጌና በሐዲያ እንደሚታየው ከብቱና ቤተሰቡ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ትልቅ ጎጆ ውስጥ ደግሞ የምድጃው ጢስ ይጨመርበታል። እንግዲህ በርኅራኄ ያስገባነው ፈረስ በዚያው በርኅራኄያችን ሊታመም ይችላል ማለት ነው።

ይህን ነገር የጥንት ጠቢባን ሳያስተውሉት አላለፉም። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 12 ቁጥር 10 ላይ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ስላለው ርኅራኄ የተነገረው ቃል በዕብራይስጡ የተጻፈው «ማወቅ» በሚለው ግሥ ነው። ይኸውም የጻድቅ መለያው የእንስሳውን ፍላጎትና ጠባይ ማወቁ ነው ለማለት ነው። የዚያው ቁጥር ሁለተኛ ክፍል የክፉዎች ርኅራኄ ራሱ ጭካኔ መሆኑን ያስጠነቅቃል። የሚራራለትን ፍጡር ለማወቅ የማይደክም ሰው፣ ልቡ ክፉ ባይሆንም እንኳ፣ የእጁ ሥራ ከክፉው ሥራ ጋር አንድ ሊሆንበት ይችላል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «ፈጣሪ ጠጕር ሰጥቶታል፤ ዝናቡን ይቻለው» ብሎ መደምደም ሌላ ስሕተት ነው። ዝናብ ከነፋስ ጋር ለረጅም ሰዓት ሲወርድ ጠጕሩ እስከ ቆዳው ይርሳል፤ በጠጕሩ መካከል ሆኖ ሙቀት ይጠብቅ የነበረው አየርም ይጠፋል። ያን ጊዜ ውርጭ ሳይኖር እንኳ ፈረስ ይንቀጠቀጣል። የከሳ፣ ያረጀ፣ የታመመ ፈረስ ወይም ግልገል ከሆነ ደግሞ አደጋው የባሰ ነው። ለብዙ ቀናት ሳይደርቅ የቆየ ቆዳ ይቆስላል፤ መረሬ አፈር በሚያቦካው ጭቃ ውስጥ ውሎ የሚያድር ሰኮናም ይበሰብሳል።

ከሁሉ በላይ ግን በነጻ በሚኖር ፈረስና በእኛ ፈረስ መካከል ያለው ልዩነት ሊዘነጋ አይገባም። የቁንዱዶው ፈረስ ወጀብ ሲመጣ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ረግረጉን ትቶ ደረቁን ይመርጣል፤ ከመንጋው ጋር ተጠጋግቶ ይቆማል። ቀኑን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት የዋለው ፈረስ ግን ላቡ ሳይደርቅ፣ ጀርባው በዕቃው እንደ ቆሰለ፣ በአጭር ገመድ መንገድ ዳር ታስሮ ዝናቡን ይቀበላል። ጀርባውን ለነፋስ ለመስጠት እንኳ ገመዱ አይፈቅድለትም። ይህን ፈረስ «በተፈጥሮው ይችለዋል» ማለት፣ ተፈጥሮ የሰጠችውን ነገር ሁሉ ከወሰድንበት በኋላ በተፈጥሮ ስም ማመካኘት ነው።

የጥያቄው መሠረት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው ፈረስን ሲገራ የመምረጥ ኃይሉን ወሰደበት። መቼ እንደሚበላ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሚቆም፣ ከምን እንደሚሸሽ የሚወስነው ከእንግዲህ ባለቤቱ ነው። ከፍጡር ላይ የወሰድነው ነገር ሁሉ በእኛ ላይ ዕዳ ይሆናል። የመሸሸግ ነጻነቱን የወሰደ ሰው መሸሸጊያውን ሊሰጠው ይገባል፤ የመጋጥ ነጻነቱን የወሰደም መኖውን ሊያቀርብለት ይገባል። እንግዲያስ ለፈረስ መጠንቀቅ የደግ ሰው ችሮታ ብቻ ሊባል አይችልም፤ የፍትሕ ግዴታ ነው።

ይህ ዕዳ በእኛ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ደግሞ በታሪክም የተጻፈ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። የቤተ መንግሥቱ ፈረሶች አለቃም ባልደራስ የሚል ማዕረግ ነበረው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ምሳሌያችንም ውለታውንም ልኩንም ያስታውሰናል። ስሙን ለነገሥታት ያዋስነው እንስሳ ዛሬ አሸዋና ጡብ ሲጎትት ኖሮ ጉልበቱ ባለቀ ጊዜ ወደ ጎዳና ይጣላል፤ ሌሊትም ለጅብ ይቀራል። ክብርን በስም ሰጥቶ በሥራ መንሣት የተለመደ የሰው ድካም ነው።

ታዲያ ይግባ ወይስ ይሰማራ? ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን እንዳስተማረው፣ አስተዋይ ሰው አጠቃላዩን ደንብ ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ በፊቱ ያለውን አንዱንም ነገር ለይቶ ማወቅ አለበት። ደንቡ ዕዳውን ይነግረናል፤ ዛሬ ይህ ፈረስ የሚያስፈልገውን የሚነግረን ግን ራሱ ፈረሱ ነው። እጃችንን ከረጠበው ጠጕር ሥር ብናስገባ ቆዳው መድረቁን እናውቃለን። የጆሮውን ሥር ብንዳስስ መብረዱን እናውቃለን። በካፊያ ውስጥ ሣሩን ረጋ ብሎ የሚግጥ ፈረስ ደኅና ነው። መጋጡን ትቶ አቀርቅሮ የሚንቀጠቀጥ ግን ሊገባ፣ በደረቅ ጭድ ሊታሽና ድርቆሽ ሊቀርብለት ይገባል። የሚቻል ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው በነፋሱ በኩል የተከለለ፣ በሌላው በኩል ክፍት የሆነ ዳስ በመስኩ ዳር መሥራት ነው። እንዲህ ሲሆን የወሰድንበትን ምርጫ በከፊል መለስንለት ማለት ነው።

ቀንና ሌሊትንም መለየት ያስፈልጋል። በጉራጌ ጀፎረ ተብሎ በሚጠራው ሰፊ የሣር ጎዳና ላይ ቀን የሚሰማራ ፈረስ ሲመሽ የሚገባው ስለ ጅብ ብቻ አይደለም። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው ደዌ የሚተላለፈው ከምሽት እስከ ንጋት በሚናከሱ ጥቃቅን ትንኞች ነው፤ የሳንባው ዓይነት ከያዛቸው 100 ፈረሶች ከ90 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። የሚበረታውም ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ባለቤቱ «እንግዲህ ዝናቡ አልፏል» ብሎ ፈረሱን በደጅ ማሳደር በሚጀምርበት ጊዜ ነው። ስለሆነም ዝናብ በሌለበት ሌሊት ማስገባት፣ ዝናብ ባለበት ቀን ማሰማራት ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዓይን የሚታየው ዝናብ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ ለባለጸጋ የተባለ ነው፤ የዕለት እንጀራውን በጋሪ የሚያገኝ ድኻ ከየት ያምጣው?» ይሉ ይሆናል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። የልጆቹን ምግብና የፈረሱን ድርቆሽ በአንድ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ለልጆቹ ቢያደላ ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን ካነሣናቸው ነገሮች ብዙዎቹ ገንዘብ አይጠይቁም። ገመዱን ማስረዘም፣ ከጭቃው ወደ ደረቅ ጉብታ ማዛወር፣ ለውኃው መሄጃ ቦይ መቅደድ፣ ላቡን ማበስ፣ ፋንድያውን ማውጣት የሚጠይቁት ትኩረትን ነው። ደግሞም የቤተሰቡ እንጀራ በፈረሱ ትከሻ ላይ ስለሆነ ፈረሱ የወደቀ ቀን ቤቱም አብሮ ይወድቃል። ዳስ ለመሥራት የአንዱ ዐቅም ካልበቃ ደግሞ ጎረቤቶች በደቦ የማይሠሩት ነገር አይደለም።

ከዚህ ጋር እያንዳንዱ ባለቤት ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ። ውሳኔው የተወሰነው ለማን ሲባል ነው? ፈረሱን ያስገባው ብርዱን አስቦ ነው ወይስ ነገ ማለዳ በጭቃ ውስጥ መፈለግ እንዳይኖርበት? ያሰማራው ነጻነቱን አስቦ ነው ወይስ የድርቆሹን ዋጋ ለማዳን? ለራስ ምቾት ማሰብ በራሱ ኃጢአት አይደለም። የራስን ምቾት ርኅራኄ ብሎ መሰየም ግን ኅሊናን ቀስ በቀስ ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ኅሊናም በፈረስ ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ቅዱስ ቶማስ ለእንስሳት መራራትን የለመደ ለሰውም ለመራራት የተዘጋጀ እንደሚሆን ማስተማሩ ስለዚሁ ነው። አረጋዊ አባቱን «ይበርደዋል» እያለ ከሰው ለይቶ በቤት የሚዘጋ ልጅ፣ ወይም «ለምዶታል» እያለ በብርድ የሚተወው ሌላው፣ ሁለቱም ፈረሱን ሳይዳስሱ እንደሚወስኑት ባለቤቶች ናቸው።

በየቁምስናው የምታስተምሩ መምህራን፣ ከምታስተምሯቸው ልጆች ብዙዎቹ እረኞች እንደሆኑ ታውቃላችሁ። በሚቀጥለው ዝናባማ ሳምንት ሦስት ነገር ጠይቋቸው፦ ፈረሳችሁ ዛሬ የት ዋለ? ማን ወሰነለት? የሚያስፈልገውንስ በምን ዐወቀ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ያጣ ልጅ ካለ ወደ ጋጣው ሄዶ እጁን ከፈረሱ ጠጕር ሥር አስገብቶ ይመለስ።